የካልፕሮቴክቲን የሰገራ ምርመራ፦ ሕመሙ ጋብ ሲል አንጀትዎ በእርግጥ ማገገሙን ማወቅ

የሰገራ ምርመራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አሜባን፣ ጃርዲያንና ወስፋትን ነው። በትንሽ ብልቃጥ ናሙና ይሰጣል፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ያየዋል፣ ከዚያ «ተገኘ» ወይም «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይመጣል። ክሮንስ ወይም አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ላለበት ሰው ግን ከዚህ የተለየ የሰገራ ምርመራ አለ። ካልፕሮቴክቲን ይባላል። ይህ ምርመራ ተህዋስ አይፈልግም፤ አንጀት ምን ያህል እንደተቆጣ በቁጥር የሚናገር ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በሽታው በኮሎኖስኮፒ ተረጋግጦ ሕክምና ለጀመሩና አሁን ሻል ላላቸው ሰዎች ነው። ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ኖሮብዎ «አሜባ ነው» እየተባሉ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ደጋግመው ወስደው ያልተሻለዎት ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ የበሽታው ማንነት መታወቁ ነው፤ ክትትሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

«ጋብ ብሏል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ክሮንስና አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚመላለሱ በሽታዎች ናቸው። ለወራት ወይም ለዓመታት ዝም ይሉና ተመልሰው ያገረሻሉ። አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ከፊንጢጣ ጀምሮ ወደ ላይ የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን ያቆስላል። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ሲሆን ሽፋኑን አልፎ የአንጀቱን ግድግዳ በሙሉ ሊወጋ ይችላል።

ተቅማጡ ቆሞ፣ ደሙ ጠፍቶ፣ ክብደት ሲመለስ ታካሚው «ዳንኩ» ይላል። አልፈርድበትም፤ ወራት ሙሉ መጸዳጃ ቤት ሲቆጥር ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሰውየው ስሜትና የአንጀቱ ሁኔታ ሁልጊዜ አይስማሙም። ምንም ሳያመው ኮሎኖስኮፒ ሲደረግለት ቁስል የሚገኝበት አለ። በተለይ በክሮንስ ይህ የተለመደ ነው። በተቃራኒው ሆዱን እየነፋውና እየቆረጠው አንጀቱ ንጹሕ ሆኖ የሚገኝም አለ።

በድብቅ የሚቀጥለው መቆጣት ዋጋ ያስከፍላል። በክሮንስ ጠባሳ እየጣለ አንጀትን ያጠባል፣ ፊስቱላ ያበጃል፣ በመጨረሻም ለቀዶ ሕክምና ይዳርጋል። ለረጅም ዓመታት የቆየና ያልበረደ የኮላይቲስ መቆጣት ደግሞ የትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። ስለዚህ የዛሬው የሕክምና ግብ ተቅማጡን ማስቆም ብቻ አይደለም፤ የአንጀት ሽፋን እንዲድን ማድረግም ነው። ይህን በእርግጠኝነት የሚያሳየው ኮሎኖስኮፒ ቢሆንም በየሦስት ወሩ ኮሎኖስኮፒ የሚደረግለት ሰው የለም። ማጠቢያ መድኃኒቱ አድካሚ ነው፣ ወጪው ከባድ ነው፣ በብዙ ቦታ ወረፋውም ረጅም ነው። ካልፕሮቴክቲን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ካልፕሮቴክቲን ምንድን ነው?

ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ተሸክመውት የሚዞሩ ፕሮቲን ነው። ካልሲየምንና ዚንክን ይይዛል፤ ዚንኩን በመንጠቅም ባክቴሪያና ፈንገስ እንዳይራቡ ያደርጋል። አንጀት ሲቆጣ ኒውትሮፊሎች ወደ ግድግዳው ይጎርፋሉ፣ ሽፋኑን አልፈው ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ከሰገራ ጋርም ይወጣሉ። በሰገራ ውስጥ ያለው የካልፕሮቴክቲን መጠን ያን ጉርፍ ይለካል።

ፕሮቲኑን መጀመሪያ የገለጹት የኖርዌይ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1980 ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ እዚያው ኖርዌይ ውስጥ በሰገራ የሚለካበት ዘዴ ታተመ። ለምርመራ የተመቸው አንድ ጥሩ ጠባይ ስላለው ነው፦ በአንጀት ባክቴሪያዎች ቶሎ አይፈርስም፤ ስለዚህ ናሙናው ከቤት እስከ ላቦራቶሪ የሚደረገውን ጉዞ ይችላል።

«የደም ምርመራ አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። በደም የሚለካው ሲአርፒ በመላ ሰውነት ያለን መቆጣት ያሳያል። ጉንፋንም፣ የጥርስ እባጭም ከፍ ያደርገዋል። በሌላ በኩል መቆጣቱ በፊንጢጣ አካባቢ ብቻ ሲወሰን ሲአርፒ ብዙ ጊዜ ጤናማ ሆኖ ይገኛል፤ በተፈጥሮው ሲአርፒ እምብዛም የማያመነጭ ሰውም አለ። ሰገራው ግን በቀጥታ ከቦታው ነው የሚመጣው። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ጥሩ ነው፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ሰገራውን እመርጣለሁ።

ላክቶፈሪን የሚባል ሌላ የኒውትሮፊል ፕሮቲን በሰገራ የሚለኩ ላቦራቶሪዎችም አሉ፤ የሚሰጠው መረጃ ተመሳሳይ ነው። ለዓይን የማይታይን ደም የሚፈልገው የሰገራ ምርመራም በአልሰራቲቭ ኮላይቲስ ይረዳል፣ ኪንታሮት ያለበትን ሰው ግን በቀላሉ ያሳስታል።

ቁጥሩን እንዴት እናንብበው?

ውጤቱ የሚጻፈው በማይክሮግራም በግራም ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ከ50 በላይ የሆነውን ሁሉ «ከፍተኛ» ብለው ምልክት ያደርጉበታል። 80 የሚል ውጤት ይዘው በድንጋጤ የሚደውሉልኝ ታካሚዎች አሉ። 50 የተቀመጠው በሽታው ያለበትን ከሌለበት ለመለየት ነው። በሽታው መኖሩ ታውቆ ክትትል ላይ ላለ ሰው የምንጠቀምበት መስመር ሌላ ነው።

የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣቸው መመሪያዎች ለሁለቱም በሽታዎች መስመሩን 150 ላይ አድርጎታል። ምንም ሕመም የሌለበት ሰው ካልፕሮቴክቲኑ ከ150 በታች ከሆነ ንቁ የሆነ መቆጣት የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ስለሆነ በየጊዜው ኮሎኖስኮፒ ማድረግ አያስፈልገውም። ለክሮንስ ደግሞ ሲአርፒውም ከ5 ሚሊግራም በሊትር በታች እንዲሆን ይጠበቃል። የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የሕክምና ግብ ግን ከ100 እስከ 250 ያለውን ክልል ነው የሚጠቅሰው። በተግባር ከ150 በታች እፎይ የምንልበት፣ ከ250 በላይ ችላ የማንለው ነው። በመካከል ያለው ግራጫ ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ በአንድ ውጤት ብቻ ተነሥቶ ውሳኔ መስጠት ስህተት ይመስለኛል።

ከነጠላ ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ይበልጣል። እንበል አንዲት ታካሚ በዓመቱ መጀመሪያ 40፣ ከስድስት ወር በኋላ 60፣ ቀጥሎ 190፣ ከወር በኋላ ደግሞ 340 አመጣች። ምንም ባያማትም ይህ መንገድ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ሌላው ታካሚ ለሁለት ዓመት ከ160 እስከ 200 ሲዋልል ቆይቶ በኮሎኖስኮፒ አንጀቱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ የእሱ ተፈጥሯዊ ልክ ያ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከሐኪምዎ ጋር አንድ ነገር ቢያደርጉ ደስ ይለኛል፦ ኮሎኖስኮፒ በሚደረግልዎ ሰሞን፣ የማጠቢያውን መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት፣ የካልፕሮቴክቲን ናሙና ይስጡ። አንጀትዎ ንጹሕ በነበረበት ጊዜ ቁጥሩ ስንት እንደነበር ማወቅ ወደፊት ለሚመጣው ውጤት ሁሉ ማነጻጸሪያ ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ። የተለያዩ ላቦራቶሪዎች የተለያየ ኪት ስለሚጠቀሙ ያው ናሙና በአንዱ 150፣ በሌላው ከዚያ እጅግ የራቀ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። በተቻለ መጠን ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ ይመርመሩ። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዱባይ ከሄዱ የድሮ ውጤቶችዎን ይዘው ይሂዱ፣ በአዲሱ ቦታ የሚሠራውን የመጀመሪያ ውጤት ግን እንደ አዲስ መነሻ ይቁጠሩት።

ቁጥሩን የሚያሳስቱ ነገሮች

ካልፕሮቴክቲን መቆጣት መኖሩን እንጂ መቆጣቱ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ይህን ያልተረዳ ታካሚም ሐኪምም ይሳሳታል። እኔም ተሳስቻለሁ። ለረጅም ጊዜ ጤነኛ የነበረ አንድ የኮላይቲስ ታካሚዬ ድንገት ከ400 በላይ ቁጥር አመጣና በሽታው ሊያገረሽ ነው ብዬ መድኃኒት ልጨምርለት ተዘጋጀሁ። ወንበሩን ስቦ ሲቀመጥ ወገቡን ሲይዝ አየሁት። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰፈር መድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ እየገዛ ሲውጥ ነበር። አቆመ፣ ከአንድ ወር በኋላ ሲለካ ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጥያቄውን መጠየቅ የነበረብኝ ናሙናው ከመሰጠቱ በፊት ነበር።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲንና የመሳሰሉት የሕመም ማስታገሻዎች ጤነኛን አንጀት እንኳ ስለሚያስቆጡ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ። በአንዳንድ ታካሚዎች በሽታውን ራሱን ይቀሰቅሳሉ። ለራስ ምታትና ለወገብ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ማስታገሻውን ያዘዘልዎ ሐኪም ካለ ደግሞ ስለ አንጀትዎ ይንገሩት። ለጨጓራ የሚወሰዱት ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹም ቁጥሩን በመጠኑ ያሳድጋሉ። በአገራችን ኦሜፕራዞል እንደ ከረሜላ በየቤቱ ስላለ ታካሚው መድኃኒት መሆኑንም ይረሳዋል። በሐኪም የታዘዘልዎ ከሆነ በራስዎ አያቋርጡ፣ መውሰድዎን ግን ይናገሩ።

ከሁሉም በላይ ኢንፌክሽን አለ። ሺጌላ፣ ሳልሞኔላ፣ አሜባ፣ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ፣ ተራ የቫይረስ ተቅማጥም ጭምር ቁጥሩን ወደ ላይ ይወረውሩታል። የአንጀት ሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ፤ ቁጥሩን አይተው ከክሮንስ ሊለዩት አይችሉም። ሳንባ ነቀርሳ በሚበዛበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በተለይ እንደ ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ያሉ መድኃኒቶች የተኛን ሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ። የትልቁ አንጀት ካንሰርም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ከአራት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በተፈጥሯቸው ከፍ ያለ ቁጥር ስላላቸው በአዋቂ መስመር አይለኩም።

በሌላው አቅጣጫም ስህተት አለ። ክሮንሱ በትንሹ አንጀት ብቻ የተወሰነ ሰው በትልቁ አንጀት ካለው ይልቅ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች 120 ማለት የግድ ሰላም ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ቢጨምር አይግረምዎ።

ናሙናውን ሲሰጡ

የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰገራ ይስጡ። ሰገራ በአንጀት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይ ካልፕሮቴክቲን ይጠራቀማል፤ የጠዋቱና የከሰዓቱ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት መስጠት ይህን ልዩነት ይቀንሳል። ሽንት ወይም ውኃ እንዳይነካው በንጹሕ ዕቃ ወይም በላስቲክ ላይ ይቀበሉት፣ በብልቃጡ ማንኪያ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ይውሰዱ። የወር አበባ ላይ ከሆኑ እስኪያልፍ ይጠብቁ። በቤት ሙቀት እስከ 3 ቀን ድረስ ይቆያል ቢባልም ሞቃታማ በሆኑ ቦታዎች ያን ያህል አልተማመንም፤ በዚያው ቀን ያድርሱት፣ ካልተቻለም በፍሪጅ ያቆዩት። መጾም አያስፈልግም።

በየስንት ጊዜው?

ምንም ሕመም ከሌለብዎ በየ6 እስከ 12 ወሩ ይበቃል። አዲስ መድኃኒት የጀመሩ ወይም መጠኑ የተቀየረላቸው ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይመርመሩ። በዚያን ጊዜ ቁጥሩ ወደ ዜሮ እንዲወርድ አይጠበቅም፤ ከነበረበት በግማሽና ከዚያ በላይ እየወረደ ከሆነ መድኃኒቱ ይዟል ማለት ነው። መድኃኒት ለመቀነስ ወይም ለማቆም ከሐኪምዎ ጋር የተስማሙ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ክትትሉ ጠበቅ ማለት አለበት። እርጉዝ ሴቶችም መመርመር ይችላሉ፤ እንዲያውም በእርግዝና ወቅት ኮሎኖስኮፒን ስለምንሸሽ ይበልጥ ይጠቅማል።

ደህና ነኝ፣ ቁጥሩ ግን ጨመረ

ይህ ለታካሚ በጣም ከባዱ ሁኔታ ነው። ምንም ሳያምዎ ወረቀት ታመዋል ይልዎታል።

በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ ሕመም ሳይኖርባቸው ካልፕሮቴክቲናቸው በተደጋጋሚ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰዎች በሚቀጥሉት 2 እና 3 ወራት ውስጥ በሽታው የሚያገረሽባቸው ዕድል ከ53 እስከ 83 በመቶ ነበር። በተደጋጋሚ ዝቅ ያለ ቁጥር ያላቸው ደግሞ ከ67 እስከ 94 በመቶ የሚሆነው ዕድል ለእነዚያ ወራት ሰላም ሆነው እንዲቆዩ ነው። ቁልፉ «በተደጋጋሚ» የሚለው ቃል ነው። አንድ ጊዜ ጨመረ ማለት ብዙ አይናገርም። ሁለተኛው ሲደግመው ግን የሚያዳምጡት ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ራስዎ ይመለሱ። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ነው? ሜሳላሚን ወይም ሰልፋሳላዚን በቀን ብዙ ፍሬ ነው፤ ሰው ሲሻለው መጀመሪያ የሚተወው የማታውን፣ ከዚያ የጠዋቱን ነው። መድኃኒቱ ከገበያ ጠፍቶ ወይም ዋጋው ከብዶ ያቋረጡም አሉ። ይህን ለሐኪም መናገር አያሳፍርም፤ የሚያስቸግረው ሐኪሙ ሳያውቅ ሌላ ጠንካራ መድኃኒት ሲጨምርብዎ ነው። ማስታገሻ ወስደዋል? ሰሞኑን ተቅማጥ ነበር? እነዚህ ከተጣሩ በኋላ ቁጥሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደገማል። አሁንም ከፍ ካለ ኮሎኖስኮፒ ይታሰባል፣ ወይም የመድኃኒቱ መጠን ይስተካከላል፤ ኢንፍሊክሲማብ ወይም አዳሊሙማብ የሚወስዱ ከሆነ በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን የሚለካባቸው ቦታዎችም አሉ።

በአንድ ቁጥር ምክንያት ሕክምና ማጥበቅ በእርግጥ ይጠቅማል ወይ? በክሮንስ ላይ ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በላንሴት የወጣ ጥናት 244 ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ የአንዱን ቡድን ሕክምና በሕመም ምልክት፣ የሌላውን ደግሞ በካልፕሮቴክቲንና በሲአርፒ ጭምር አስተካክሏል። ከ48 ሳምንት በኋላ የአንጀት ቁስላቸው የዳነላቸው ከሁለተኛው ቡድን 46 በመቶ፣ ከመጀመሪያው 30 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፣ ነገር ግን በቁጥር ተከታትለውም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዳልዳኑ ልብ ይበሉ። ምርመራው መንገድ ያሳያል እንጂ አያክምም።

ቁጥሩን አይተው ከመሳቢያ ውስጥ የቀረ ፕሬድኒሶሎን አይጀምሩ። ስኳርን፣ የደም ግፊትንና አጥንትን ይጎዳል፣ ኢንፌክሽን ካለም ያባብሰዋል፣ ሐኪሙ የሚያየውን ሥዕልም ይሸፍናል።

ያመኛል፣ ቁጥሩ ግን ዝቅ ያለ ነው

ይህን «ምርመራው ስህተት ነው» ብለው ለመተው አይቸኩሉ። በክሮንስም ሆነ በኮላይቲስ ሕመሙ ጋብ ካለ በኋላ የሆድ መነፋትና ቁርጠት የሚቀርባቸው ብዙ ናቸው። አንጀቱ ድኗል፣ ነርቮቹ ግን እንደ ድሮው ደንጋጣ ናቸው። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ፣ ብዙ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ወጥ ጋዝ ያበዛል፤ በጾም ወራት እነዚህ ስለሚበዙ ቅሬታውም ይበዛል። ቁጥሩ 45 ከሆነ መፍትሔው በአመጋገብ፣ በእንቅልፍና በጭንቀት ዙሪያ ነው። ስቴሮይድ መጨመር እዚህ ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አይታይም። ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ ሰውን ከማያስፈልግ መድኃኒት ያዳነበትን ጊዜ ካገረሸ በሽታ ካስጠነቀቀበት ጊዜ እኩል አይቻለሁ። ክሮንስ ያለባቸው ግን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ወይም አንጀታቸው ከጠበበ፣ በጠባሳ ምክንያት ቁጥሩ ዝቅ ብሎም ሊታመሙ ይችላሉ፤ እነሱ በምስል መታየት አለባቸው።

ምርመራው በማይገኝበት ቦታ

በኢትዮጵያ ምርመራው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም፤ የሚጠየቀው በትልልቅ ከተሞች ባሉ ላቦራቶሪዎች ነው፣ ዋጋውም ለብዙዎች ከባድ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የመክፈል አቅም ካለዎት ገንዘቡን ሕክምና የሚቀይር ጥያቄ ባለበት ጊዜ ያውሉት፦ መድኃኒት ልቀንስ ወይስ አልቀንስ በሚባልበት፣ ወይም ሕመሙ ከአንጀት መቆጣት ይሁን ከሌላ ባልታወቀበት ጊዜ። ከዚያ ውጭ ሄሞግሎቢን፣ ሲአርፒ፣ አልቡሚን፣ ክብደትዎና በቀን የሚወጡበት ብዛት የተጻፈበት ደብተር ብዙ ይናገራሉ። ደብተሩ ነፃ ነው፤ ከሐኪም ሐኪም ሲቀያየሩም አብሮዎት ይሄዳል።

ቁጥር የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎች

በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለበት ተቅማጥ ከትኩሳት ወይም ከፈጣን የልብ ምት ጋር፣ ሆድ ተነፍቶ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ብሎ ማስታወክ፣ የሚበረታ የማያቋርጥ የሆድ ሕመም፣ በፊንጢጣ አካባቢ የሚያም እብጠት ወይም መግል፣ ራስን መሳት። ከእነዚህ አንዱ ካለ የሰገራ ብልቃጡን ትተው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። የካልፕሮቴክቲን ውጤት ቀናት ሊወስድ ይችላል።